ከቅኔ ነገራ እስከ መውጫ ፈተና

በሐምሌ 2015 ዓ.ም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውን የጨረሱ የመንግሥትና የግል ተቋማት ተማሪዎች በየሙያ ዘርፋቸው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ተፈተኑ። ውጤቱ ሲገለጽ ከ150,184 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ሆኑ፤ ከመቶ 40.65 መሆኑ ነው። የመንግሥት ተቋማት ካስፈተኗቸው 77,981 ተማሪዎች 48,632ቱ (62.36 በመቶ) ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈታኞች ያለፉት 12,422 (17.2 በመቶ) ነበሩ። የቀሩት ለዓመታት ኮርስ በኮርስ ሲያልፉ ኖረው፣ ግሬድ ተቆጥሮላቸው፣ ቤተሰብ ለምረቃው ሽር ጉድ ሲል ዲግሪው ከደጃፍ ተመለሰባቸው።

በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለወደቁት ነበር። አንዱ ተማሪዎቹን ሰነፎች አለ፤ ሌላው የግል ኮሌጆቹን ነጋዴዎች አለ፤ ሦስተኛው ጥፋቱን ትምህርት ሚኒስቴር ላይ ጣለ። እነዚህ ወጣቶች በዚያ ሁሉ ዓመት የተማሩት ምንድን ነው? ሳይማሩት የቀረውስ የቱ ነው? ለምን ቀረ? እነዚህን ጥያቄዎች ያነሳ ሰው ጥቂት ነበር፤ መልስ የሚሆን መረጃ በእጁ የነበረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

አገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎቿን ዕውቀት የለካችበትን መንገድ ከጉባኤ ቤት እስከ ኮምፒውተር ስንከተለው አንድ ዝንባሌ ጎልቶ ይወጣል። ዘመናዊው ትምህርታችን ከባዱን ምዘና ያቆመው በር ላይ ነው፦ መግቢያው ላይ ማትሪክ፣ ገባ እንዳሉ የፍሬሽማን ማጣሪያ፣ መውጫው ላይ ደግሞ «ኤግዚት»። በር ላይ የቆመ ምዘና እንደ ወንፊት ነው፤ ያለፈውን ካላለፈው ይለያል፣ እህሉ ማሳው ላይ ሳለ ምን እንደጎዳው ግን አይናገርም። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ይኸው ነው። ፈተና አላነሰንም፤ ያነሰን የፈተናን ውጤት ተመልሶ ማስተማሪያ የማድረግ ልማድ ነው።

ጉባኤ ቤቱ እንዴት ይመዝን ነበር

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከንባብ ቤት በላይ ያሉት ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ለዘመናት የአገሩ ከፍተኛ ትምህርት ሆነው ኖረዋል። የቅኔ ቤቱን ብንወስድ ተማሪው የግእዙን ግስና አገባብ ይዞ በሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ እያለ ስምንት ስንኝ ወዳለው መወድስ ይወጣል። ቀን ሲያወጣ ሲያወርድ የዋለውን ቅኔ በነገራ ሰዓት መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ሰምቶ እዚያው ያርማል። ሰዋስዉ ቢፋለስ፣ ቤቱ ባይመታ፣ ሰሙና ወርቁ ባይገጥም ጉድለቱ በዚያው ይነገረዋል፤ ተማሪው በማግስቱ የሚመጣው የታረመውን ይዞ ነው። ከጉባኤ ቃና ወደ ቀጣዩ የሚያሻግረው የቆየበት ዘመን ሳይሆን ቅኔው ራሱ ነው። ጓደኛው በወራት የሚዘልቀውን እሱ በዓመት ቢዘልቀው የሚያሳፍረው ነገር የለም።

የዜማው ሥርዓት ደግሞ ሌላ ጥበብ ነበረው። ድጓ የተማረ ሰው ጋይንት ውስጥ ወዳለችው ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ነበረበት፤ ለዝማሬ መዋሥዕት የምስክር ቦታው ዙር አባ ነው። ተማሪው ያደገበት ጉባኤ ሌላ፣ ብቃቱን የሚመሰክርለት ጉባኤ ሌላ ነበር ማለት ነው። አስተማሪው ለራሱ ተማሪ ቢያዳላ እንኳ የምስክሩ ቦታ ላይ ይጋለጣል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች «የውጭ ፈታኝ» የሚሉት አሠራር አሳቡ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

በወሎም እንደ ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ደረሳው ኪታቡን ሸኹ ፊት እየቀራ ይዘልቃል፤ ሲጨርስ ኢጃዛ ይሰጠዋል። ኢጃዛው የትኛውን ኪታብ ከየትኛው ሸኽ እንደቀራ የሚመሰክር ነው። ስንት ዓመት ተቀመጠ፣ ከስንት ሰው ስንተኛ ወጣ የሚል ነገር አይገባበትም።

ይህን ሁሉ ስንል ያለፈውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በሁለቱም ወገን በቃል መያዝ ይበዛ ነበር። ለሴቶች በሩ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ሁሉንም ጉባኤ ለመዝለቅ ከ20 ዓመት በላይ የፈጀበት ሊቅ ብዙ ነው፤ ችግር፣ ረሀብና በሽታ በመንገድ ያስቀረው ተማሪ ደግሞ ከዘለቀው ይበልጣል። መምህሩ አንድ ጊዜ ካጠፋም የሚጠይቀው አልነበረም። ቢሆንም ይህ ሥርዓት ሁለት ነገር አውርሶናል፦ ምዘናው ከማስተማሩ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጡን፣ የመጨረሻው ምስክርነት ደግሞ ካስተማረው እጅ መውጣቱን። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ሁለቱም አልተከተሉትም።

የራሱን ዲግሪ የሰጠ ኮሌጅ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም ማስተማር ሲጀምር የቅበላ አቅሙ 33 ተማሪ ነበር። በዚያው ዘመን በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩት የኢባዳን፣ የጎልድ ኮስትና የማካሬሬ ኮሌጆች ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ጋር በልዩ ግንኙነት የታሠሩ ነበሩ። ሥርዓተ ትምህርታቸውንና ፈተናቸውን ከለንደን ጋር እየተማከሩ ያወጣሉ፤ የእርማቱን ደረጃ ለንደን ይቆጣጠራል፤ ተማሪውም የሚቀበለው የለንደንን ዲግሪ ነው። ኢትዮጵያ ቀንበሩም አልነበረባትም፣ በቀንበሩ ውስጥ የነበረው ዋስትናም አልደረሳትም። ኮሌጁ በ1946 ዓ.ም ቻርተሩን አገኘና ዲግሪ በራሱ ስም መስጠት ጀመረ። ይህ የነፃ አገር ኩራት ነው። ዋጋው ግን መምህሩ ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ ግሬድ የሚሰጥበት አሠራር ያለ ተቆጣጣሪ መጽናቱ ነው።

በመግቢያው በኩል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የጄኔራል ዊንጌት ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ የሚፈተኑት ከለንደን የመጣ ፈተና ነበር፤ ኋላ የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ተተካና «ማትሪክ» እየተባለ ለትውልድ ዘለቀ። ስለዚህ መግቢያው ላይ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ዳኛ ቆመ፣ ከበሩ ወዲያ ግን ማንም አልቆመም። ይህ ሚዛን ለ60 ዓመት ያህል አልተለወጠም።

በዚያው ዘመን የተለየ መንገድ የሞከሩ አልጠፉም። በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ተማሪዎችን በቡድን አዋቅሮ ወደ ጤና ጣቢያ ያሰማራቸው ነበር። አንድ ተማሪ መማሩ የሚታወቀው መንደር ወርዶ ውኃውን መርምሮ፣ ሕፃኑን አክሞ፣ ከባልደረባው ጋር ተግባብቶ ሲሠራ ነው። በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም ተማሪውን ከማሳና ከከብት በረት አይለየውም ነበር። በእነዚህ ሙያዎች ምን ያህል እንደተማርክ ወረቀት ብቻ ሊናገር አይችልም።

ፍሬሽማንና «ክሪስማስ ግራጁዌት»

በ1954 ዓ.ም ኮሌጆቹ ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም መሠረቱን ያጠናው ከአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ነበር። አሠራሩም አሜሪካዊ ሆነ፦ ሴሚስተር፣ ክሬዲት አወር፣ ከኤ እስከ ኤፍ የሚወርድ ፊደል፣ ጂፒኤ። ለመመረቅ ድምር ውጤት 2.00 ያስፈልጋል የሚለው ደንብም እስከ ዛሬ አለ። ይህ አሠራር ትልቅ ጥቅም ሰጠ። ትምህርትን በኮርስ ቆራርጦ ለመመዝገብ፣ ተማሪን ከክፍል ክፍል ለማዛወር፣ ውጭ አገር ልኮ ለማስተማር ተመቸ። ዳሩ ግን የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ቁጥር ሲጨመቅ ቁጥሩ ስለ ምን እንደሚናገር የሚጠይቅ ጠፋ።

የጊዜው ትልቁ መመዘኛ ፍሬሽማን ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ነጥቡ ያልሞላለት ተማሪ ይሰናበታል። ጓደኞቹም «ክሪስማስ ግራጁዌት» ይሉታል፤ ገና ለገና ተመረቀ እንደማለት። ቀልዱ ከግቢው ወጥቶ በአገሩ ሁሉ ተሰራጨ፤ እስከ ቅርብ ጊዜም ከተማሪ አፍ አልጠፋም። መምህራን የተባራሪውን ብዛት የትምህርቱ ጥራት ማረጋገጫ አድርገው የሚቆጥሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ማትሪክን አልፎ የመጣ ጎበዝ ልጅ በአንድ ሴሚስተር እንዴት ሰነፍ ይሆናል? እንግሊዝኛው ነው? ሒሳቡ ነው? ወይስ ከአውራጃ ከተማ ወጥቶ ዶርም መግባቱ? ስንብቱ ለእነዚህ መልስ የለውም፤ ስሙን ከዝርዝሩ ይሰርዛል፣ ያበቃል።

የእንግሊዝኛው ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ማንኛውም ፈተና ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይለካል፦ የትምህርቱን ዕውቀትና የቋንቋውን ችሎታ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጥያቄውን ሳይረዳ ቢሳሳት መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የኢኮኖሚክስ ጉድለት ነው። የመምህራን ስብሰባ ሁሉ ያነሳዋል፤ ግሬድ መስጫው ቅጽ ላይ ግን ቦታ አላገኘም።

የግሬድ አሰጣጡም ሌላ ጣጣ ነበረበት። ለረዥም ጊዜ ግሬድ ይሰጥ የነበረው ተማሪን ከተማሪ እያነጻጸሩ ነው። ደካማ ክፍል ውስጥ የተሻለው ኤ ያገኛል፤ ጠንካራ ክፍል ውስጥ ያን ያህል የሚያውቀው ሲ ይዞ ይወጣል። ትራንስክሪፕቱ ተማሪው በክፍሉ ስንተኛ እንደሆነ ይነግረናል፣ ምን መሥራት እንደሚችል ግን አይነግረንም።

በዚያ ዘመን ከወረቀት ፈተና የተለየ አንድ ሙከራ ተደርጓል። በ1956 ዓ.ም የተወሰነው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግል አስገደደው። አብዛኞቹ መምህር ሆነው ሄዱ። የተማሩት ነገር ለሌላ ሰው ይደርስ እንደሆነ፣ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ውስጥ ይሠራ እንደሆነ በራሳቸው ላይ አዩት። ተማሪዎቹ ግዴታነቱን ቢቃወሙትም ከአገልግሎቱ ከተመለሱት መካከል ትምህርቱን ከበፊቱ በተለየ ዓይን ያየው ብዙ ነው። አገልግሎቱ ግን ግዴታ ተብሎ ተወሰደ እንጂ ዩኒቨርሲቲው ስለራሱ ማስተማር ዘወትር የሚማርበት መስተዋት አልሆነም። በ1967 ዓ.ም የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ አገልግሎቱም በዚያው ቀረ።

በደርግ ዘመን ምሩቅ ጥቂት ነበር፤ መንግሥት ራሱ ይመድበዋል። ዲግሪውን የሚጠራጠር ቀጣሪ ስላልነበረ ዲግሪው ምን ያህል ይመዝናል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ምሩቁ ከሥራው ሲበዛ ነው።

መስፋፋቱ የወለደው ጥርጣሬ

በ1983 ዓ.ም በአገሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ፣ ዓለማያና አሥመራ ብቻ ነበሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ፍሬሽማንን ወደ መሰናዶ ክፍሎች አወረደው፤ አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ የግል ኮሌጆችም በየከተማው ፈሉ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ለገበሬና ለአርብቶ አደር ልጅ በር የከፈተ ትልቅ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ አገሩ ሐኪምም መሐንዲስም ባልበቃው።

በሩ ሲሰፋ ምዘናው ግን ባለበት ቆመ። አንድ መምህር 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለበትን ሴክሽን፣ ያውም ሁለት ሦስቱን ይዞ፣ ድርሰት የሚያጽፍ ፈተና አውጥቶ ሊያርም አይችልም። «ምረጥ» እና «እውነት ሐሰት» ነገሡ። ተማሪውም ለዚህ የሚስማማ ዘዴ አገኘ፦ ያለፉ ዓመታት ወረቀቶችን መሰብሰብ፣ ሃንድአውት መሸምደድ፣ የከፋበትም አጤሬራ መቋጠር።

በ2004 እና በ2005 ዓ.ም አካባቢ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ሞዱላር ሥርዓተ ትምህርት ሲገቡ ለዚህ መድኃኒት ይሆናል የተባለ ነገር መጣ። እያንዳንዱ ኮርስ በመግቢያው ላይ «ተማሪው ይህን ሲጨርስ እንዲህ ማድረግ ይችላል» የሚል ዝርዝር ያዘ። ማወዳደሪያው ቀርቶ ቋሚ መለኪያ ገባ። ተከታታይ ምዘና ደግሞ ከነጥቡ ግማሽ ያህሉን ወሰደ። አሳቡ ከቅኔ ቤቱ ነገራ ጋር ይገጥማል፦ ተማሪው ይሠራል፣ ይታረማል፣ ተሻሽሎ ይመጣል።

በተግባር የሆነው ሌላ ነው። ተከታታይ ምዘናው በብዙ ቦታ ተከታታይ ፈተና ሆነ። ኩዊዝ አንድ፣ ኩዊዝ ሁለት፣ ሚድ፣ አሳይመንት፣ ፋይናል። የተፈተነው ወረቀት ታርሞ የሚመለሰው አንዳንዴ ኮርሱ ካለቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም አይመለስም። «ግሩፕ ወርክ» በአንድ ልጅ ተሠርቶ በአምስት ስም ይገባል። የቀደመው ዓመት አሳይመንት ሽፋኑ ብቻ ተቀይሮ ይዞራል። ነጥቡ ተደማምሮ ሲታይ የወደቀ ተማሪ ጥቂት ነው፤ የተማረው ግን ስንት እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። የመምህሩ ጥፋት ብቻ አይደለም። ማረሚያ ጊዜ ሳይሰጡት፣ የክፍሉን ብዛት ሳይቀንሱለት «ተከታተል» የተባለ ሰው ቅጽ ከመሙላት ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ከግቢው ውጭ ያለው ዓለም ጥርጣሬውን በራሱ መንገድ ገለጸ። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ድምር ውጤት አይተው ብቻ መቅጠርን ትተው የራሳቸውን ፈተና ማውጣት ጀመሩ። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ወጣት ወሬ ሆነ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የማጣራት ዘመቻም ተደጋግሞ መጣ። ዲግሪው ራሱ ምስክር የነበረበት ዘመን አበቃ።

የመውጫው በር

ከሁሉ ቀድመው የመውጫ ፈተና ያስገቡት የሕግ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ የሕግ ተማሪ አገር አቀፍ ፈተና ሳያልፍ አልተመረቀም። በ2011 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ተከተለ። በዚያው ዘመን የወጣው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ፍሬሽማንን ወደ ዩኒቨርሲቲ መለሰ፤ የመውጫ ፈተናንም ለሁሉም ዘርፍ አሳሰበ። በ2015 ዓ.ም አሳቡ ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መግቢያው በር ላይ ምን እንደተደረገ ይታወሳል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ፤ ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። መንግሥት ካላለፉት መካከል የተሻሉትን በሬሜዲያል ፕሮግራም አስተምሮ ሌላ ዕድል ለመስጠት ተገደደ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ይታያል፦ በ2015 ዓ.ም ለመውጫ ፈተና የተቀመጡት ተማሪዎች በዚህ ጥብቅ መግቢያ ያለፉ አልነበሩም። በዩኒቨርሲቲ ሕይወታቸው መካከል ኮሮና ግቢያቸውን ዘግቷል፤ ብዙዎቹን ጦርነት ከትምህርት አፈናቅሏል። ስለዚህ 40.65 በመቶ የሚለው ቁጥር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃው ድክመት አለ፣ የወረርሽኙና የጦርነቱ ጠባሳ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጉድለት አለ፣ የተማሪው ስንፍናም አለ። ቁጥሩ አንዱን ከሌላው አይለይም።

የመውጫ ፈተናው ያመጣውን በጎ ነገር መካድ አይገባም። ከ60 ዓመት በላይ በራሱ ወረቀት ራሱን ሲመዝን የኖረ ተቋም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ቆመ። የትምህርት ክፍሎች ብሉፕሪንት ሲያዘጋጁ ዋና ዋና ኮርሶቻቸው የትኞቹ እንደሆኑ ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ልጆቹን እንዳስተማረ በማስመሰል ክፍያ የሚሰበስብ ተቋም ከወላጅ ፊት የሚደበቅበት አጣ።

ጉዳቱም ወዲያው ታየ። «ኤግዚት» የሚል ስም የያዙ የቴሌግራም ቻናሎች ፈሉ። የመጨረሻው ሴሚስተር በብዙ ቦታ የፈተና ቱቶሪያል ሆነ። ምርጫ ጥያቄ የማይለካው ነገር፣ ማለትም መጻፍ፣ መከራከር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት፣ ሒሳብ መዝገብ መዝጋት፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር ወደ ጎን ተገፋ። ሲወድቅ ደግሞ ዋናውን ዋጋ የሚከፍለው ተማሪው ነው። ገንዘብ ከፍሎ ወይም የአገልግሎት ዕዳ ተሸክሞ የተማረው እሱ፣ ባዶ እጁን የሚቀረውም እሱ።

ከሌሎች የምንማረው

በዚህ መንገድ ላይ ቀድመውን የሄዱ አገሮች አሉ። ብራዚል እ.ኤ.አ በ1996 ለተመራቂዎች አገር አቀፍ ፈተና ስትጀምር ተማሪዎች ባዶ ወረቀት እስከ ማስረከብ ደርሰው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ በ2004 ፈተናው ኤናዴ በሚባል ሌላ ፈተና ተተካ። ለኤናዴ የተመደበ ተማሪ መቀመጥ ግዴታው ነው፤ ዝቅተኛ ነጥብ ግን ዲግሪውን አያስከለክለውም። ነጥቡ የሚሄደው ወደ ትምህርት ክፍሉ ነው፤ ክፍሉ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይወጣለታል፣ ዝቅ ካለ ቁጥጥሩ ይጠብቅበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢዎችንም ወጪዎችንም አብሮ ይፈትን ነበር፤ ልዩነቱ ተቋሙ የጨመረውን ያሳያል ተብሎ።

ኮሎምቢያም የተማሪውን የሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ ፈተና ውጤት ሳቤር ፕሮ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ማብቂያ ፈተና ጋር እያያያዘች ታጠናለች። ፈተናው ከሙያ ዕውቀት ሌላ በጥልቀት ማንበብን፣ በቁጥር ማሰብንና መጻፍን ይለካል። እዚያም መፈተን ግዴታ ነው፤ ማለፊያ ነጥብ ግን የለም።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ መልሱን አላገኙም። እ.ኤ.አ በ2011 ሪቻርድ አረምና ጆሲፓ ሮክሳ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት የሶሲዮሎጂ ምሁራን ከ24 ተቋማት የተውጣጡ ከ2,300 በላይ ተማሪዎችን ተከታትለው፣ 45 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በማሰብና በመጻፍ ችሎታቸው ጉልህ ለውጥ እንዳላሳዩ ጻፉ። ስሌታቸው ተተችቷል፤ ጥያቄያቸው ግን ጸንቷል። የበለጸጉት አገሮች ድርጅት ኦኢሲዲ በበኩሉ በ17 አገሮች አንድ ዓይነት የዩኒቨርሲቲ ምዘና ሞክሮ ከሙከራው አላለፈም። ለሁሉም ሙያና ለሁሉም አገር የሚሆን አንድ ሚዛን እንደሌለ ከዚህ እንማራለን።

የብራዚልንና የኮሎምቢያን መንገድ እንዳለ እንቅዳ ማለት አይደለም። ተማሪ ውጤቱ ምንም የማይነካው ከሆነ በቁም ነገር አይፈተንም የሚል ሥጋት እዚያም አለ። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው፦ ሁለቱም አገሮች በመውጫው ላይ የቆመውን ፈተና ወደ ማስተማሪያው ክፍል እንዲመለከት አድርገውታል።

ፍርዱ

የመውጫ ፈተናው ይቅር የሚል አቋም የለኝም። ተቋማት ለራሳቸው ልጆች ራሳቸው ብቻ ሲመሰክሩ ምን እንደተፈጠረ አይተናል። ብቻውን ከቀረ ግን ከማትሪክና ከፍሬሽማን ቀጥሎ ሦስተኛ በር ከመሆን አያልፍም። አራት ነገሮች ቢታከሉበት ይለወጣል።

አንደኛ፣ ለሕዝብ የሚነገረው ያለፈና የወደቀ ቁጥር ብቻ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹ በየትኛው ርዕስ እንደበረቱ፣ በየትኛው እንደደከሙ በዝርዝር ይድረሰው። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች በአፈር ሜካኒክስ ተደጋግመው ከወደቁ ችግሩ ምናልባት ከተማሪው ይልቅ በኮርሱ፣ በመምህሩ ወይም በሌለው ላቦራቶሪ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የመውጫው ውጤት ከመግቢያው ጋር ይያያዝ። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ዝቅተኛ የነበረን ተማሪ ተቀብሎ ከፍ ያደረገ ዩኒቨርሲቲና ጎበዙን ተቀብሎ ባለበት ያስወጣ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የማለፊያ መቶኛ መመዘናቸው ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ወረቀት ይለዋወጡ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ፈታኝ ጠርተው ተማሪውን በበሽተኛ አጠገብ ሲፈትኑት ኖረዋል፤ ታሪክም፣ ሒሳብ አያያዝም፣ እርሻም ይህን የማያደርግበት ምክንያት የለም። የጎንደር መምህር የጅማን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢያነብ፣ የሐዋሳው የመቀሌን ፋይናል ወረቀት ጥቂቱን ቢያርም፣ ደረጃው በአራተኛው ዓመት ሳይሆን በየሴሚስተሩ ይታያል።

አራተኛ፣ ውድቀት ሲደጋገም ተቋሙም ይጠየቅ። ተማሪው ዲግሪውን ሲነፈግ ያስተማረው ትምህርት ክፍል በዚያው ብዛት፣ በዚያው አሠራር አዲስ ተማሪ መቀበሉን መቀጠል የለበትም።

ከእነዚህ መካከል ሦስቱ የሚኒስቴሩን ውሳኔ ይጠይቃሉ። ሦስተኛውን ለመጀመር ግን የሁለት ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ስምምነት ይበቃል። የተማሪን ወረቀት አርሞ በሳምንቱ ለመመለስም መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። ለመምህራን ማኅበራት፣ ለሴኔቶችና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ የሚቀጥለው የመውጫ ፈተና ውጤት ሲመጣ ያላለፉትን ስም ከመለጠፋችሁ በፊት የትኛው ኮርስ እንዳላለፈ መርምሩ።